ሩክ በአራተኛው ረድፍ

በዋሽንግተን አካባቢ የቼዝ ተጫዋቾች ሲተዋወቁ ከስም በፊት ቁጥር ይጠያየቃሉ። «ሬቲንግህ ስንት ነው?» ይባላል። መልሱ ከተሰማ በኋላ የሰውየው ቦታ ይታወቃል። 2200 የደረሰ ማስተር ነው፤ ሲጫወት ሰው ከኋላው ቆሞ ያያል። 2000ን ያለፈ ኤክስፐርት ይባላል፤ እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው። ከዚያ በታች በየ200 ነጥቡ ክላስ ኤ፣ ክላስ ቢ፣ ክላስ ሲ እየተባለ ይወረዳል። ጋሼ የምላቸው የቼዝ ወዳጄ ክላስ ቢ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ስለነበር ከዚያ በላይ ይወጣሉ ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። እሳቸውም ስለ ቁጥራቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ትዝታ ግን ስለዚያ ቁጥር ነው። ጋሼ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ400 ነጥብ በላይ የሚበልጣቸውን ወጣት አሸነፉ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው አብዛኛው «ዕድል ነው» አለ። የእኔ ጠረጴዛ ከእሳቸው አጠገብ ስለነበር ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ። ዕድል አልነበረም። ይህን ስናገር ዛሬም ደሜ ይሞቃል።

ጋሼ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። የሄዱት ኪየቭ ነው፤ የተማሩት ምሕንድስና። ተመርቀው ወጥተዋል፤ ነገር ግን ዲግሪው በኋላ በኖሩባቸው አገሮች ብዙም አልጠቀማቸውም። በየሄዱበት ያልተለያቸው ቼዙ ነው። የተማሪዎች ማደሪያው ውስጥ በየፎቁ ሰሌዳ ነበር ይሉናል። ክረምቱ አያልቅም፤ ማታ መውጫ የለም፤ ስለዚህ ራት ከተበላ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታሉ። እዚያ አብሯቸው ያድር የነበረ አንድ ዩክሬናዊ ተማሪ ሲለያዩ አንድ መጽሐፍ ሰጣቸው። ሌቨንፊሽና ስሚስሎቭ እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተሙት የሩክ ፍጻሜዎች መጽሐፍ ነው። ስሚስሎቭ በዚያው ዓመት ቦትቪኒክን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው ነው። መጽሐፉ ጨዋታ እንዴት እንደሚከፈት ምንም አይነግርም። ንግሥቶቹ ከተለዋወጡ፣ ፈረሶቹና ቢሾፖቹ ከወጡ በኋላ፣ ሰሌዳው ተራቁቶ ሩኮችና ጥቂት ወታደሮች ብቻ ሲቀሩ ምን እንደሚደረግ ነው የሚያስተምረው። ጋሼ በሩሲያኛ ደጋግመው አንብበውታል። እኔ ሳየው ጀርባው በፕላስተር ተለጥፎ፣ ጠርዙ በእርሳስ በአማርኛ ተጽፎበት ነበር።

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር። ያን ጊዜ የከተማው ታክሲ ሜትር አልነበረውም። ከተማው በዞን ተከፋፍሎ፣ ሒሳቡ የሚታሰበው ተሳፋሪው ባቋረጣቸው ዞኖች ብዛት ነው፤ ሜትር የገባው በ2008 ነው። ጋሼ የዞኑን ካርታ በቃላቸው ይዘውት ነበርና ተሳፋሪ ሲጠይቃቸው ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ዩኒየን ስቴሽን የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ወረፋ ሲይዙ ማግኔት ያላት ትንሽ ሰሌዳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ሩክና አንድ ወታደር ይደረድራሉ። ከኋላ ያለው ሹፌር ጡሩምባ እስኪነፋባቸው ድረስ ተራው መድረሱን አያውቁም። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ተመሳሳይ አቀማመጥ ነው፤ ግን አንዴ ንጉሡን አንድ ቤት ወደ ግራ፣ አንዴ ሩኩን አንድ ረድፍ ወደ ታች ያደርጉና ከአዲስ ይጀምራሉ። «አንድ ቤት ስትለውጥ መልሱ ይለወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይለወጥም። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው ሥራው» ይሉኝ ነበር።

የተዋወቅነው ዱፖንት ሰርክል ነው። መሐሉ ላይ ትልቁ የእብነ በረድ ፏፏቴ አለ፤ ከዛፎቹ ሥር ደግሞ የቼዝ ሰሌዳ የተሠራባቸው የድንጋይ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። በጋ ሲሆን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይጠፋባቸውም። የሚጫወቱት ፈጣን ጨዋታ ነው፤ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ። ወሬው፣ ፉከራው፣ የሰዓቱ ቡጢ፤ ለጀማሪ ያስደነግጣል። ጋሼ በዚያ ፍጥነት ብዙ ይሸነፉ ነበር። ገና በአሥረኛው እርምጃ ፈረስ ይበላባቸዋል፤ ሰዓት ያልቅባቸዋል። ሆኖም የፓርኩ ሰዎች ያወቁት ነገር ነበር። አዲስ ሰው ከእሳቸው ጋር ሲቀመጥ ከዳር ሆነው «ከሽማግሌው ጋር ንግሥት እንዳትለዋወጥ» ብለው ይመክሩታል። በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ ግን ስለ ጋሼ አጨዋወት ከሬቲንጋቸው የበለጠ እውነት የያዘው ይህ ምክር ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ገና ሳይበዛ፣ «ና አንድ ጨዋታ ላሳይህ» ብለው ነጮቹን ለእኔ፣ ጥቁሮቹን ለራሳቸው ደረደሩ። በጥር 1980 በስዊድን፣ ስካራ በምትባል ከተማ፣ በአውሮፓ የቡድን ሻምፒዮና ላይ የተደረገ ነው። ነጭ አናቶሊ ካርፖቭ ነው፤ ከ1975 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን፣ ጋሼ ኪየቭ በነበሩበት ዘመን ስሙ በየማደሪያው የሚጠራ ሰው። ጥቁር ቶኒ ማይልስ ነው፤ ያኔ በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ የበርሚንግሃም ልጅ፣ ጎበዝ ግራንድማስተር፣ ከካርፖቭ ጋር ግን በቁጥር የማይተካከል። ካርፖቭ ወታደሩን ኢ4 ላይ አኖረ። ማይልስ ዳር ያለውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፍቶ ኤ6 አደረገ። ካርፖቭ ዲ4፤ ማይልስ ቢ5። ጀማሪ እንኳ እንዲህ ቢጫወት መምህሩ ይቆጣዋል፤ መሐሉን በሙሉ ለባላጋራ መልቀቅ ነውና። ተመልካቹ ስቆ ነበር ይባላል። ማይልስ በ46ኛው እርምጃ አሸነፈ። ዓለም ይህን ጨዋታ የሚያስታውሰው በዚያች ኤ6 ነው።

ጋሼ ግን እሷ ላይ አልቆሙም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ እርምጃዎች በፍጥነት አሳለፏቸውና 24ኛው ላይ እጃቸውን ሰበሰቡ። የጥቁር ንግሥት ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር በላች፤ በሚቀጥለው እርምጃ ኢ5 ላይ ያለውን ደገመች። ካርፖቭ በምላሹ ዲ7ን ወሰደ። 28ኛው ላይ ንግሥቶቹ ተለዋወጡ፤ ለማይልስ አንድ ትርፍ ወታደርና ሁለቱ ቢሾፖች ቀሩት። «ጨዋታው አሁን ነው የሚጀምረው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድ በአንድ፣ በየእርምጃው እየጠየቁኝ ነው ያሳዩኝ። የጥቁር ንጉሥ ጂ7፣ ቆይቶ ኤፍ6። ቢሾፑ ዲ6፣ ከዚያ ኢ5። ሩኩ ኤች8፣ ከዚያ እስከ ኤች1 ወርዶ ቼክ። አንዱም እርምጃ አያስገርምም። ማንም ደህና ተጫዋች ሊያገኛቸው ይችላል፤ ከፊት ለፊት የተቀመጠው የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ግን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው አቻ መጠየቅ ያምረዋል። ማይልስ አልጠየቀም። «ካርፖቭን ያሸነፈው ኤ6 ቢሆን ኖሮ እኛም ኤ6 እየተጫወትን ሻምፒዮን በሆንን ነበር» አሉ ጋሼ። ያኔ በጨዋነት ነበር የሰማኋቸው። የገባኝ በኋላ ነው።

ስለ ሬቲንግ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ያለሱ የዚያን ቅዳሜ ነገር ለማያውቀው ሰው አይታየውም። ዘዴውን የሠራው አርፓድ ኤሎ ነው፤ ሃንጋሪ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ ሚልዋኪ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማረ፣ ራሱም ጥሩ ተጫዋች የነበረ ሰው። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ ፊዴ በ1970 ተቀበሉት። ስሌቱ ግልጽ ነው። በ200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከመቶ 76 ያህል ነጥብ ይጠበቅበታል፤ በ400 የሚበልጥ ደግሞ ከመቶ 91። ካሸነፈ ትንሽ ያገኛል፤ ከተሸነፈ ብዙ ያጣል፤ አቻ እንኳ ቢወጣ ይወርዳል። ኤሎ ራሱ ስለ ሥራው ትሑት ነበር። የተጫዋችን ብቃት መለካት በውኃ ላይ የሚዋልል ቡሽ ያለበትን ቦታ፣ በገመድ ታስሮ በነፋስ በሚወዛወዝ ሜትር እንደ መለካት ነው ብሏል።

እኔ ቁጥሩን አልጠላውም። የሚቆጥረውን በሐቅ ይቆጥራል። ነገር ግን የሚቆጥረው ውጤት ብቻ ነው። አንዱ አሥራ አምስት እርምጃ ድረስ ሁሉን ነገር በቃሉ አጥንቶ ባላጋራውን በጊዜ ያፈርሰዋል፤ የሩክ ፍጻሜ ግን ደርሶበት አያውቅም፤ መድረስም አላስፈለገውም። ሌላው በአሥረኛው እርምጃ ላይ እየተሰናከለ ይሸነፋል፤ ፍጻሜው ላይ ከደረሰ ግን ማስተር የማያውቀውን ያውቃል። የመጀመሪያው 2100፣ ሁለተኛው 1650 ይሆናሉ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ሆኖም እነዚህ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ጨዋታው አርባኛው እርምጃ ላይ ሲደርስና ሰሌዳው ላይ ሩኮች ብቻ ሲቀሩ፣ የሚበልጠው ማን እንደሆነ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም።

ውድድሩ የቅዳሜና እሑድ ነበር፤ ከተማው ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። አሜሪካ ውስጥ ሰሌዳና ሰዓት ይዞ የሚመጣው ተጫዋቹ ራሱ ነው። አዘጋጁ ጠረጴዛና ወንበር፣ ነጭ ጨርቅ፣ የጠረጴዛ ቁጥርና የውኃ ጆግ ብቻ ያቀርባል። ጋሼ የሚጠቀለለውን አረንጓዴና ነጭ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ታክሲያቸውን ሩቅ ቦታ በነፃ አቁመው፣ በእግራቸው መጡ። ሌሊቱን ሠርተው ስላደሩ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ድልድሉ የሚወጣው በስዊስ ሲስተም ነው፤ ስሙም በ1895 ዙሪክ በተደረገ ውድድር ከተሠራበት ጊዜ የመጣ ነው። ማንም አይሰናበትም፤ በየዙሩ ተመሳሳይ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ዙር ግን ሁሉም ዜሮ ስለሆነ ተጫዋቾች በሬቲንግ ይደረደሩና ዝርዝሩ ከመሐል ይከፈላል፤ የላይኛው ግማሽ አንደኛ ከታችኛው ግማሽ አንደኛ፣ ሁለተኛ ከሁለተኛ እየተባለ ይጋጠማል። ለዚህ ነው በየውድድሩ መጀመሪያ ላይ ታናሽና ታላቅ የሚፋጠጡት። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ሰው ይጋፋል፤ የተጋጣሚውን ቁጥር አይቶ ፊቱ የሚፈካም የሚጠቁርም አለ። ጋሼ የጠረጴዛውን ቁጥር ብቻ አይተው ሄዱ።

ተጋጣሚያቸው ገና የኮሌጅ ተማሪ የሚመስል ወጣት ነበር፤ ጨዋ ልጅ፣ ቁጥሩ ከ2100 በላይ። ጋሼ ነጭ ናቸው። እንደ ልማዳቸው ዲ4፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ቢሾፕ ኤፍ4፣ ኢ3። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይጫወታል፤ ተጫውቶ ይነሣና የሌሎችን ጠረጴዛ ዞሮ ያያል። ጋሼ ከወንበራቸው አልተነሡም። እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀቱ ላይ ሲጽፉ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርገው ነው፤ የታችኛው ቅጂ በደንብ እንዲወጣ።

ጨዋታው ለረጅም ጊዜ እኩል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጠጠሮቹ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለሱ አየሁ። ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከተደገመ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ለጋሼ ትልቅ ነገር ነበር። ለልጁ ግን አቻ ኪሳራ ነው። በ400 ነጥብ ከሚያንስ ሰው ጋር ተካፍሎ መውጣትን እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ከድግግሞሹ ሸሽቶ በንጉሡ ፊት ያሉትን ወታደሮች ገፋ። ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከትንሹ ጋር ሲቀመጥ ሰሌዳው የማይሰጠውን ለማግኘት ይጣደፋል። ጋሼ ሳይቸኩሉ ክፍቱን ቦታ አይተው አንድ ወታደር ወሰዱ። ቀጥለውም ንግሥት ለንግሥት አቀረቡ። ልጁ እምቢ ቢል ሌላ ወታደር ይሄድበታል፤ ተለዋወጠ። የፓርኩ ሰዎች እዚያ ቢኖሩ ኖሮ በዚያች ደቂቃ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ከዚያ ሰዓታት ሄዱ። የእኔ ጨዋታ አልቆ ቆሜ ነበር የማየው። ሰው በየተራ እየጨረሰ ሲወጣ አንዳንዱ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ይቆም ጀመር። ወታደሮቹ አንድ በአንድ ተለዋወጡና በመጨረሻ ለጋሼ ንጉሥ፣ ሩክና የኢ ወታደር፣ ለልጁ ንጉሥና ሩክ ቀሩ። ሁለቱም ሰዓት እያጠራቸው ነው። ልጁ ተጫውቶ፣ ሰዓቱን ከመምታቱ በፊት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አቻ ጠየቀ።

እኔ በልቤ «ይቀበሉ» አልኩ። ክላስ ቢ ሆኖ ከኤክስፐርት ጋር አቻ ወጥቶ መሄድ ማንም ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው ነው። ያ አቅርቦት ትንሽ ቸርነትም ነበረው፤ ልጁ ቀና ብሎ ሲያያቸው ውለታ እየዋለ እንደሆነ ይሰማዋል። ጋሼ ሰሌዳውን አዩ። ከጆጉ ውኃ ቀድተው ጠጡ። ብርጭቆውን በዝግታ አስቀምጠው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ንጉሣቸውን አንድ ቤት ወደፊት አራመዱ። በሕጉ እርምጃ መጫወት በራሱ እምቢታ ነው። ልጁ ፊቱ ቀላ።

ከጥቂት እርምጃዎች በኋላ ልጁ ሩኩን አንሥቶ ከበስተኋላ ቼክ ሊል ወደ ታች አወረደው። የጋሼ ንጉሥ ወጣ፤ የጥቁር ንጉሥ ወደ ጎን ተገፋ፤ ወታደሩ ኢ7 ደረሰ። አሁን አቀማመጡ እንዲህ ነው። የነጭ ንጉሥ ኢ8 ላይ፣ ወታደሩ ኢ7 ላይ፤ ንግሥት መሆኛውን ቤት የያዘው የራሱ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ልውጣ ካለ የጥቁር ሩክ ቼክ እያለ ያሳድደዋል። የጥቁር ንጉሥ ጂ7 ላይ ነው፤ የነጭ ሩክ ኤፍ ዓምድ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል። በቼዝ መጻሕፍት የሉሴና አቀማመጥ ይባላል፤ በስሙ የተጠራው ስፔናዊ በ1497 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ግን የለም፤ ታትሞ የተገኘው በ1634 በጣሊያናዊው ሳልቪዮ መጽሐፍ ነው። ጋሼ ይህን የምጽፈውን ታሪክ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ዩኒየን ስቴሽን ወረፋ ላይ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሩካቸውን ጂ1 ላይ አድርገው ቼክ አሉ። የጥቁር ንጉሥ ወደ ኤች7 ሸሸ። ቀጥሎ ሩኩን አንሥተው ጂ4 ላይ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ አስቀመጡት። ከኋላዬ የቆመ ሰው «ምን እየሠሩ ነው?» ሲል ሰማሁ። እርምጃዋ ምንም አትበላም፣ ማንንም አታስፈራራም። እኔ ግን ያቺን ሩክ በማግኔቷ ሰሌዳ ላይ ስንቴ እንዳየኋት! ልቤ ሲመታ ታወቀኝ። ንጉሡ ወደ ኤፍ7 ወጣ፤ ቼክ። ኢ6፤ ቼክ። ኤፍ6፤ ቼክ። ኢ5፤ ቼክ። በዚህ ጊዜ ጋሼ ሩኩን ከጂ4 ወደ ኢ4 አንሸራትተው በንጉሡና በቼኩ መሐል አቆሙት። አራተኛው ረድፍ ላይ የጠበቀው ለዚህ ነበር። ከዚህ ወዲያ ቼክ የለም፤ ወታደሩን የሚያቆም የለም። ልጁ ሰሌዳውን ትንሽ አይቶ ሰዓቱን አቆመና እጁን ዘረጋ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ኮሪደሩ ላይ ወሬው ወዲያው ተነሣ። «ልጁ ተዘናግቶ ነው»፣ «ሰዓት አጥሮት ነው»፣ «ለሽማግሌው ዕድል ቀናላቸው»። ቁጥር የሚያምን ሰው ቁጥሩ ሲሳሳት የሚቀረው ማብራሪያ ዕድል ብቻ ነው። ልጁ ግን እንደዚያ አላለም፤ ይህን ሁልጊዜ አከብርለታለሁ። ወደ ጋሼ ተመልሶ መጥቶ የመጨረሻውን ክፍል እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። ትርፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚቀጥለው ዙር እስኪጠራ ድረስ ሩክ ሲያንቀሳቅሱ ነበር። በሁለተኛው ዙር ጋሼ ከአንድ ማስተር ጋር ተደለደሉና ገና ፍጻሜ ሳይደርስ ተሸነፉ። በስዊስ ሲስተም ያሸነፈ ሰው ሽልማቱ ከእሱ የበረታ ተጋጣሚ ነው። ጋሼ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ማታ ወደ ሥራ ሄዱ፤ ቅዳሜ ማታ ለታክሲ ጥሩ ገበያ ነው።

የዚያን ጨዋታ የታችኛውን ቅጂ ለእኔ ሰጡኝ። ብዙ ዓመት ከወረቀቶቼ መሐል ተቀምጦ ኖረ። ጋሼም ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። በቅርቡ ልጆቼ ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጭነውልኝ ነበርና ያን ወረቀት አውጥቼ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። በቅጂው ላይ የደበዘዘውን ፊደል በመብራት እያየሁ ነው። ልጁ አቻ የጠየቀበት ቦታ ስደርስ ማሽኑ ዜሮ አለ። እኩል ነው፤ አቻ ነው። ጥቁር ሩኩን ከእሱ ወገን በሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁሞ ዝም ቢል የነጭ ንጉሥ መግቢያ አልነበረውም። ይህ ፊሊዶር በ1777 ያሳየው መከላከያ ነው። ልጁ ሩኩን ከዚያ ረድፍ ባያነሣ ኖሮ ሉሴናም አይመጣም ነበር።

ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ያው ነው። ማሽኑ ያለውን ስነግራቸው ሳቁ።

«ዜሮ ነው እንጂ፤ ሌላ ምን ሊል ነው?»

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አልተቀበሉም?»

«እሱ ያውቅ እንደሆነ ላይ ብዬ ነዋ። ሩኩን እዚያው ትቶ ንጉሡን ብቻ ወዲያ ወዲህ ቢያደርግ ኖሮ ሁለት ሦስት እርምጃ አይቼ እኔው አቻ እለው ነበር። አቻ ሲጠይቀኝ እጁን አየሁት፤ ሩኩ ላይ ነበር። ማንሣት ፈልጓል። ፊሊዶርን ያወቀ ሰው ያንን ሩክ አይነካውም።»

ቀጥለው ስለ ልጁ ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ማስተር መሆኑን፣ ስሙንም አልፎ አልፎ በውጤት ዝርዝር ላይ እንደማይ ነገርኳቸው። ከልባቸው ደስ አላቸው።

«ጎበዝ! ጎበዝ ልጅ እኮ ነበር» አሉ። «የሩክ ፍጻሜውንስ፣ ተማረው?»